11ዱ ወይን፣ 7ቱ አቼቶ፦ የቤት ወይን ጠርሙስ እንዴት ይጸዳል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። «የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ለፋሲካ ብዬ ከዘቢብና ከወይን ፍሬ ወይን ጠጅ ጥዬ ነበር። 18 ጠርሙስ ወጣኝ። 11ዱ በጣም ቆንጆ ሆኗል። 7ቱ ግን ሲከፈቱ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታሉ፣ ሲቀመሱ ይኮመጥጣሉ። 7ቱ ከሰርግ ቤት የሰበሰብኳቸው ጠርሙሶች ናቸው። ሁሉንም እኩል በኦሞ አጥቤ፣ በረኪና ባለበት ውሃ ዘፍዝፌ፣ ከበርሜል በቀዳሁት ውሃ አለቅልቄአለሁ። የደፈንኳቸውም በየራሳቸው ቡሽ ነው። ምን አጠፋሁ? እናቴ በወይራ ብታጥኚው ኖሮ ትላለች። ጠርሙሶቹንስ መልሼ ልጠቀምባቸው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን 11ዱ ተረፉልሽ። የተረፉት ደግሞ ለመጠጣት ብቻ አይደሉም፣ መልሱንም የሚነግሩን እነሱ ናቸው። ወይኑ ገና በጥንስሱ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ 18ቱም አንድ ላይ ይኮመጥጡ ነበር። ከአንድ ዕቃ የተቀዳ ወይን በ11 ጠርሙስ ደህና ሆኖ በ7ቱ ከተበላሸ፣ ጥፋቱ ያለው ጠርሙሱ ወይም ቡሹ ላይ ነው። አጣጣልሽ ደህና ነው። እሱን አትንኪው።

አሁን ሰርግ ቤቱን አስቢው። ጠርሙሱ ተከፈተ፣ ተቀዳ፣ ከታች አንድ ጉንጭ ወይን ቀረበት። ሰርጉ አለቀ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ጠርሙሱ ጓሮ ውስጥ አፉን ከፍቶ ሁለትና ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። የፍራፍሬ ዝንብ ገባችበት። እቺ ጥቃቅን ዝንብ በእግሯ ይዛ የምትዞረው ወይን የሚያኮመጥጠውን ባክቴሪያ ነው። ስሙ አሴቶባክተር ይባላል። አልኮልና አየር ካገኘ አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጠዋል፣ ማለትም ወደ አቼቶ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስለው ሽታም የዚሁ ተከታይ ነው። አሲዱና አልኮሉ ሲዋሃዱ ኤቲል አሴቴት የሚባል ነገር ይፈጠራል። አፍንጫሽ በትክክል ነው የነገረሽ። እነዚያ ጠርሙሶች ቤትሽ የገቡት ባዶ ሆነው ሳይሆን ከነነዋሪያቸው ነው።

«ግን እኮ በበረኪና ዘፍዝፌአቸዋለሁ» ትይኛለሽ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማጠብ አንድ ሥራ ነው፣ ከጀርም ማጽዳት ሌላ ሥራ ነው። ሁለተኛው ያለ አንደኛው አይሠራም። በጠርሙስ ግድግዳ ላይ የደረቀ ወይን ስኳር አለው፣ ቀለም አለው፣ የሞተ እርሾ አለው። በረኪናው አቅሙን የሚጨርሰው ያንን ሲያጠቃ ነው። ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ራሳቸው የሚያወጡት ዝልግልግ ነገር አላቸው። እሱን እንደ ጋቢ ተከናንበው ይቀመጣሉ። መድኃኒቱ ከላይ ያልፋል፣ እነሱ ከስር ይቆያሉ። በላብራቶሪ በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። ንጹህ መስታወት ላይ ደካማ መድኃኒት ይበቃል። የቆሸሸ መስታወት ላይ ግን ኃይለኛውም አይበቃም።

ስለዚህ አንድ ሰዓት ካለሽ ሃምሳውን ደቂቃ ማጠቡ ላይ አጥፊው።

እኔ ቤት እንዲህ ነው የማደርገው። ጠርሙሱን ለብ ባለ ውሃ እሞላለሁ፣ ለአንድ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ እጨምርበታለሁ። ያድራል። ጠዋት ላይ ወረቀቱም ሙጫውም በጣት የሚላጥ ሆኖ አገኘዋለሁ። ከዚያ ውሃውን ወደ ሩብ ዝቅ አድርጌ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ እጨምራለሁ። የፎገራ ሩዝ፣ ስባሪውና ርካሹ። የጠርሙሱን አፍ በመዳፌ ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን በክብ አሽከረክረዋለሁ፣ ምክንያቱም ሩዙ ግድግዳውን እየላሰ እንዲዞር ነው የምፈልገው። ብዙ ሰው ጠጠር ይጠቀማል። ጠጠር መስታወቱን ይጭረዋል፣ በተጫረው ቦታ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ቆሻሻ ይደበቃል። ለአንገቱ ረጅም እጀታ ያለው ቡርሽ ያስፈልጋል። የሕፃን ጡጦ ማጠቢያ ቡርሽ ይበቃል።

ሲያልቅ ጠርሙሱን አለቅልቄ ወደ መስኮት ይዤ እሄዳለሁ። ይህችን ነገር አትዝለያት። ጠርሙሱን ዘቅዝቀሽ በብርሃን ላይ ያዢው። ውሃው በግድግዳው ላይ እንደ መጋረጃ ወጥ ሆኖ ከወረደ ንጹህ ነው። እየተቆራረጠ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከቀረ ግን ገና ቅባት አለበት። ቀጥሎ አንገቱን እዪ፣ ከትከሻው ትንሽ ከፍ ብሎ። እዚያ ጋ ፈዛዛ ቀለበት ካየሽ እሱ ወይኑ የደረቀበት መስመር ነው። የሰርግ ቤቶቹ 7 ጠርሙሶች ይህ ቀለበት እንደነበራቸው ሳላያቸው እገምታለሁ። አንድ ጊዜ አዘቅዝቄ ሳይ ያልታየኝን ቀለበት ቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ስጠርገው ቡናማ ሆኖ ወጣልኝ። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ ብቻ አላምንም።

ቀለበቱ አልለቅ ካለ እንደገና ይዘፍዘፍ። ሁለት ሌሊት ዘፍዝፌው ያልለቀቀ ጠርሙስ እጥለዋለሁ። ጠርሙስ ይገኛል፣ የስድስት ወር ድካም ግን አይገኝም። ቢራ ፋብሪካዎች የሚመለስ ጠርሙስ የሚያጥቡት ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ግን ኮስቲክ ሶዳ አልመክርም። ዓይን ያጠፋል፣ ልጆች ባሉበት ቤትማ በፍጹም።

ኦሞውንና ላርጎውን በተመለከተ፣ መስታወት ላይ ብዙ አይጎዱም፣ ግን ሽቶ አላቸው። ለማስለቀቅ ብዙ ውሃ ይፈልጋሉ። ፕላስቲክ ላይ ከሆነ ሽቶው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አንድ ጊዜ የሎሚ ሽታ ባለው ሳሙና የታጠበ ባልዲ ውስጥ የተጣለ ጠጅ ቀምሻለሁ። ጌሾውን ሸፍኖት ነበር። ምርጫ ካለሽ ሽታ የሌለው ሳሙና ተጠቀሚ፣ ትንሽ ብቻ።

ከታጠበ በኋላ ከጀርም ወደ ማጽዳቱ እንሂድ። ለአንቺ ቤት የምመርጠው እሳትን ነው። ርካሽ ነው፣ ሽታ አይተውም፣ የሚገዛ ነገር የለውም። ትልቅ ድስት ውሰጂ፣ ከስሩ ያረጀ ንጹህ ፎጣ አንጥፊ። ጠርሙሶቹን ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተሽ አጋድሚያቸው፣ በላያቸውም ቀዝቃዛ ውሃ ሙዪ። ከዚያ እሳቱን ለኩሺ። መስታወት የሚሰነጠቀው ድንገት ሲሞቅ ወይም ድንገት ሲቀዘቅዝ ነው፣ ስለዚህ ከውሃው ጋር አብሮ ይሙቅ፣ ከውሃው ጋር አብሮ ይቀዝቅዝ። መፍላት ከጀመረ በኋላ 20 ደቂቃ ቆጥረሽ አጥፊው። የፈላ ውሃ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ውስጥ ማፍሰስ ግን እጅ ያሳጣል፣ አታድርጊው።

አንዳንድ ሰው «ጎንደር ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም» ብሎ ሲጨነቅ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ አይፈላም። ከተማችን ከፍታዋ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዘዞ ትንሽ ዝቅ ቢልም ለውጡ ኢምንት ነው። ለወይን ይህ ምንም አያሳስብም። ወይን የሚያበላሹት እርሾዎችና አሴቶባክተር ገና ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ። ከ93 ዲግሪ የሚተርፉ ዘራቸውን የሚደብቁ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ፣ እነሱ ግን ወይን ውስጥ ባለው አሲድና አልኮል ማደግ አይችሉም።

ሙቀት የማይችለው ነገር አለ። ሃይላንድ አንዱ ነው፣ ትኩስ ውሃ ሲነካው ተጨማድዶ ይቀራል። ደግሞም አየር ቀስ በቀስ ያስገባል፣ ስለዚህ ለወራት የሚቀመጥ ወይን በሃይላንድ አታስቀምጪ። ለሳምንት ጠጅ ግን ችግር የለውም። ለፕላስቲክ ዕቃ፣ ወይኑን ለምታስተላልፊበት ጎማና ለማጥለያው ወንፊት 70 በመቶ ኢታኖል ጥሩ ነው። ረጭተሽ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ከዚያ በራሱ ይተን። ስትገዢ ጽሑፉን አንብቢ። ሽቶ ወይም ግሊሰሪን የተጨመረበት የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም። የተመረዘ አልኮል፣ ማለትም ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ማቀጣጠያ፣ ከምግብ ዕቃ አጠገብ አይድረስ። አረቄስ? ዳግም አረቄም ቢሆን የሚፈለገውን ያህል አይጠነክርም። ከ60 በመቶ በታች የሆነ አልኮል ለዚህ ሥራ አይታመንም።

ወይን በየዓመቱ የሚጥል ሰው ፖታሺየም ሜታባይሰልፋይት ቢይዝ ጥሩ ነው። ነጭ ዱቄት ነው፣ «ለምግብ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ከምግብ ኬሚካል ነጋዴ መግዛት ነው። በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ 10 ግራም ዱቄት፣ 10 ግራም ሲትሪክ አሲድ። አሲዱን አትተዪው፣ መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ኮምጣጣ ውሃ ውስጥ ነው። ጠርሙሱን በሱ አርሰሽ 10 ደቂቃ አቆይተሽ አንጠባጥቢው። ክብሪት የሚመስል ሽታ ያወጣል፣ ስለዚህ መስኮት ክፈቺ። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ግን ይህን ትተሽ በእሳቱ ሂጂ።

በረኪናን እስከ መጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። በጥንቃቄ ከተያዘ መስታወት ላይ ይሠራል። 4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ሽቶ የሌለው፣ 10 ደቂቃ ብቻ። ያረጀና ፀሐይ ላይ የቆመ በረኪና ኃይሉ አልቋል። ግን እኔ ለወይን ዕቃ አልወደውም። ክሎሪኑ ቡሽና እንጨት ውስጥ ገብቶ ከሻጋታ ጋር ሲገናኝ ቲሲኤ የሚባል ነገር ይፈጠራል። ይህ እርጥብ ካርቶን፣ የሻገተ ምድር ቤት የሚሸት ነገር ነው። በአንድ ሊትር ወይን ውስጥ ጥቂት የግራም ቢሊዮንኛ ብቻ ቢኖር እንኳን አፍንጫ ያገኘዋል። የማይዝግ ብረትም ላይ ከቆየ ይበላዋል። ደግሞ በምንም ዓይነት በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ፣ ከሲትሪክ አሲድ ወይም ከሜታባይሰልፋይት ጋር እንዳትቀላቅዪ። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። «በሁለቱም ላድርገው፣ ይበልጥ ይጸዳል» ያለች ጎረቤቴ ስታስል አድራለች።

የጻፍሽው ውስጥ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የበርሜሉ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ስለምንኖር ሁላችንም እናጠራቅማለን። በርሜል፣ ሮቶ፣ ጀሪካን። ለመጠጥ የሚበቃ ውሃ ለወይን ጠርሙስ ላይበቃ ይችላል፣ ለሳምንት የተጠራቀመ ውሃ ደግሞ የራሱ ሕዝብ አለው። አንቺ ጠርሙሱን ከጀርም ካጸዳሽ በኋላ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ከዚያ ቀዳሽ። ያጸዳሽውን መልሰሽ ዘራሽበት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጊው፦ የበርሜሉ ውሃ ለማጠቡ፣ ለመጨረሻው ግን የፈላ ውሃ ብቻ። ካፈላሽ በኋላ በክዳን ሸፍነሽ አቀዝቅዢው። በድስቱ ያፈላሻቸው ጠርሙሶች ደግሞ ጨርሶ ማለቅለቅ አያስፈልጋቸውም። ደፍተሽ አንጠባጥበሽ በዚያው ቀን ሙዪባቸው። ማታ የጸዳ ጠርሙስ አፉን ከፍቶ ካደረ ጠዋት እንደ አዲስ ይፈላ።

አሁን ወደ እናትሽ። እናትሽ ትክክል ናቸው፣ ግን የሚያወሩት ስለ ጋን ነው።

የእኔም እናት ጋን ስታጥብ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው ያደግሁት። መጀመሪያ አተላውን ትደፋለች። ከዚያ ግራዋ ቅጠል ጨምድዳ እስከ ክንዷ ገብታ ግድግዳውን ትፈትጋለች። አረፋው አረንጓዴ ነበር። ሦስት ውሃ ታለቀልቃለች፣ ሦስተኛው ጠርቶ ካልወጣ አራተኛ። ቀጥላ ገል ላይ ፍም አድርጋ የወይራ ስንጥር ትጨምራለች፣ አንዳንዴ ጥንጁት። ጋኑን በጢሱ ላይ ትደፋውና በጋቢ ዙሪያውን ትከድነዋለች። ስታነሳው ውስጡ ደርቆ፣ ሞቆ፣ የወይራ መዓዛ ይዞ ይወጣ ነበር። እዪው እንግዲህ፣ እሷ ያደረገችው እኔ እስካሁን ስለፈልፍ የነበረውን ነው። መጀመሪያ ፈተገች፣ ከዚያ አለቀለቀች፣ ከዚያ አጠነች። የወይራ ጢስ ውስጥ ጀርም የሚገድሉ ነገሮች አሉ፣ ሙቀቱና ድርቀቱም የራሱን ይሠራል። ግራዋን ረስታ ቀጥታ ወደ ጢሱ የሄደችበትን ቀን አላስታውስም።

ለጠላና ለጠጅ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ጋን ግን ሸክላ ነው፣ ሸክላ ደግሞ ቀዳዳ አለው። ጢስ ላዩን እንጂ ውስጡን አያገኝም። በሳምንት ሁለት ሳምንት ተጠጥቶ ለሚያልቅ ጠላ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ግድግዳው ውስጥ የቀረው እርሾ ጥንስሱን ያግዛል። ወይን ግን ወራት ይቀመጣል፣ ጊዜ ያገኘ ባክቴሪያ ደግሞ ጊዜውን ይጠቀምበታል። ስለዚህ ጋኑን ለጠጅና ለጠላ ተዪው፣ ወይንሽን በመስታወት ያዢ። አንድ ጊዜ የኮመጠጠ ጋን ካለ ለመጠጥ አትመልሺው። በረኪና ደግሞ ሸክላ አይንካ፣ ይመጠውና ለዓመት ይሸታል። መስታወት ጠርሙስን ማጠን ግን አይጠቅምም፣ የሚያተርፍልሽ ጥላሸት ነው።

ስለ ዕቃ ከተነሳ አይቀር፣ ቢጫው የዘይት ጀሪካን። ቅዳሜ ገበያ ታጥቦ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ ሁላችንም ቤት አለ። ከዓመታት በፊት ለጥምቀት 20 ሊትር ጠጅ ጣልኩበት። አምስት ጊዜ በሙቅ ውሃ በሳሙና አጥቤው ነበር፣ በአፍንጫዬም ምንም አልሸተተኝም። ጠጁ ግን አልኮል አወጣ፣ አልኮሉ ከፕላስቲኩ ውስጥ ዘይቱን መልሶ ጎተተው። እንግዳ ፊት የቀረበው ብርሌ ላይ ቀጭን የቅባት ዓይን ተንሳፍፎ ነበር፣ ጣዕሙም የቆየ ዘይት ሆነ። እናቴ ብርሌዋን ሳትናገር ወደ ጎን አደረገቻት። ያንን ቀን አልረሳውም። ፕላስቲክ የሚበላበት ወይም የሚጠጣበት ካልነበረ፣ ወይም ዘይትና ኬሚካል ካየ፣ ለጠጅም ለወይንም አይሆንም። የአሉሚኒየም ድስትም ወይን አይደርበት፣ አሲዱ ይበላዋል። ጠርሙስ ለማፍላት ግን ምንም አይልም።

ወይኑን ከዕቃ ወደ ዕቃ የምታስተላልፊበት ጎማ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ነው። ውስጡ አይታይም። በአፍሽ አትሳቢው፣ አፋችን የራሱ ባክቴሪያ አለው። የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ሞልተሽ በጣትሽ ደፍነሽ ልቀቂው፣ በራሱ ይጎትታል። ሥራ እንዳለቀ ወዲያው ውሃ አሳልፊበት፣ ቀጥ አድርገሽ ስቀዪው። ደብዝዞ ካየሽው ሌላ ግዢ። የማጥለያ ሻሹን ለብቻ ያዢ፣ 10 ደቂቃ አፍልተሽ ፀሐይ ላይ አስጪው።

ቡሹ ቀረ። የሰርግ ቤቱን ጠርሙሶች በየራሳቸው ቡሽ መልሰሽ ደፍነሻል። የተከፈተ ቡሽ መሃሉ በመክፈቻ ተበስቷል። በቀዳዳው አየር ይገባል፣ አሴቶባክተር የሚፈልገውም አየር ነው። ደግሞ ቡሽን አፍልቶ ማዳን አይቻልም፣ ውስጡ የጠጣው ወይን አይወጣም። አዲስ ቡሽ ካላገኘሽ የሚሽከረከር ክዳን ያለው ጠርሙስ ፈልጊ። ክዳኑን ታጥቢዋለሽ፣ በ70 በመቶ አልኮል ትረጪዋለሽ፣ ወይኑን እስከ አንገቱ ሞልተሽ ታጠብቂዋለሽ።

ለመጨረሻው ጥያቄሽ፦ አዎ፣ 7ቱንም ጠርሙሶች መልሰሽ ተጠቀሚባቸው። ሁለት ሌሊት በቤኪንግ ሶዳ ይደሩ፣ በሩዝ ይታጠቡ፣ በመስኮቱ ይፈተኑ፣ ይፈሉ። ቡሾቹን እሳት ውስጥ ጨምሪያቸው። የኮመጠጠውን ወይን አትድፊው፣ ለሰላጣ ይሆናል። ብቻ ከ11ዱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ፣ ለመቅዳትም ሌላ ማንቆርቆሪያ ይኑረው።